ሸራው ይቅደም፣ ቃሬዛው ይከተላል

የአጎቴ ልጅ በሬ ጠምዶ ሲያርስ ትልሙ እንደ ገመድ ቀጥ ያለ ነበር። ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያሉ የሰፈራችን አባቶች ቆመው ያዩለት ነበር። አሁን ዕርፉን ሲይዝ ትልሙ ይጠማዘዛል። ሲራመድ ይወላገዳል። ሲያወራ ምላሱ ይከብደዋል። የማያውቀው ሰው በጠዋት ጠጥቶ የመጣ ይመስለዋል። እሱ ግን ጠላ እንኳ አይቀምስም። ዕድሜው 24 ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ከሰዓት ነው። ጥቅምት ላይ ለሰሊጥ አጨዳ ጃዊ ወርዶ ነበር። በሥራው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሥራው በኮንትራት ስለሆነ ብዙ ያጨደ ብዙ ያገኛል። ጉልበተኛ ልጅ ስለሆነም ከሁሉም ቀድሞ ነበር። ሰባት ሰዓት አካባቢ ዝም አለ። ቀጥሎ አብሮት ያደገውን ጓደኛውን ያለ ምክንያት ሰደበው። ማጭዱን ጥሎ ወደ ማሳው መሀል መሄድ ጀመረ። «ወዴት ነው?» ሲሉት «ቤት» አለ። ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ወደቀ።

ጓደኞቹ ሮጠው ደረሱ። አንዱ «ምች ነው» አለ። ሌላው «ወባ ነው» አለ። ሦስተኛው ክብሪት ጫረና አፍንጫው ሥር ያዘለት። ዳማከሴ ፍለጋ ሰው ተላከ። ጋቢ አለበሱት። ትራክተሩ እስኪመጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቁ። ከዚያ በተጎታቹ ላይ ጭነውት ጤና ጣቢያ እስኪደርሱ ሌላ ሰዓት ተኩል ሄደ።

ጓደኛው ይህን ሲነግረኝ ዳሳቸው ምን እንደሚመስል ጠየቅሁት። ዛፍ ሥር ሁለት በርሜል ውሃ ነበር። ለሰሊጥ ማራገፊያ የመጣ ትልቅ ሸራም ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከወደቀበት እስከዚያ ድረስ መቶ ሜትር አይሞላም ነበር አለኝ።

ልጆቹን አልወቅስም። ጋቢውን ያለበሰው ልጅ የራሱን ጋቢ ነው ያለበሰው። የሚያውቁትን ሁሉ አደረጉ። ይህን የምጽፈው የምናውቀው ነገር እንዲጨምር ነው። በዚያ ሸራና በዚያ ውሃ ልጁ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሊድን የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነበርና።

ሐኪሞች ሂት ስትሮክ የሚሉት ነገር በአማርኛ የሙቀት ምት ይባላል። ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በኃይለኛ ሙቀት ሰሞን አረጋውያንንና ሕሙማንን ተቀምጠው ባሉበት ይመታል። ሁለተኛው ከሥራና ከሩጫ ጋር የሚመጣው ነው። ይህኛው የሚመርጠው ጉልበተኛውን ነው። ወታደሩን፣ ሯጩን፣ አጫጁን፣ «ዛሬ እኔ እቀድማለሁ» ያለውን ልጅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡንቻችን ከሚያቃጥለው ጉልበት ለሥራው የሚውለው ከአራት አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት ይሆናል። ያ ሙቀት መውጫ ያስፈልገዋል። እንስራ ላቡ ወደ ውጭ እየወጣና እየተነነ ውስጡን ውሃ ያቀዘቅዛል አይደል? የእኛም ቆዳ እንዲሁ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ተንኖ ሲያልቅ 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ልብ በሉ፣ የሚያቀዘቅዘው የተነነው ላብ ነው። መሬት ላይ የተንጠባጠበው ምንም አይጠቅምም። አየሩ ከታመቀና እርጥበት ከበዛበት ወይም ልብሱ ወፍራም ከሆነ እንስራው ሥራውን ያቆማል። አንድ ሰው በኃይል እየሮጠ ሰውነቱ ሙቀት ማስወጣት ጨርሶ ቢያቅተው፣ በየአምስት ደቂቃው ወደ 1 ዲግሪ ይጨምራል። ከ37 ተነስቶ 41 ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም ማለት ነው።

ደገኛ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። በእነዚያ ቀናት ላብ ቶሎ መምጣት ይለምዳል፣ ጨውም ይቆጥባል፣ የደም መጠን ይጨምራል። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከእንጅባራ ብርድ ተነስቶ ጃዊ የወረደ ልጅ በሦስተኛው ቀን ይህ ሁሉ ገና አልሆነለትም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ያውቀዋል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል በአንድ ሰዓት ጉዞ ትወርዳለህ። አየሩ ሌላ አገር ይሆናል። ሰውነትህ ግን ገና ደጀን ላይ ነው።

አሁን ወደ ምች ልመለስ፤ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። ምች የምንለው ብዙ ነገር ነው። ከንፈር ላይ የሚወጣውም፣ ፀሐይ ከመታን በኋላ የሚመጣው ትኩሳትና ራስ ምታትም ምች ነው። ለዚያ ዳማከሴ ጨምቆ መጠጣት፣ መታሸት፣ ተሸፋፍኖ ማላብ ከእናቶቻችን የወረስነው ነው። ለቀላሉ ትኩሳት ሰው ሲድንበት አይተናል። የሙቀት ምት ግን ከእሱ ጋር በስም ይመሳሰላል እንጂ በሕክምናው ፍጹም ተቃራኒ ነው። የሙቀት ምት የያዘውን ሰው በጋቢ መሸፈን እሳት ላይ የተጣደ ድስትን እንደ መክደን ነው። ትኩሳት ስላለው ፓራሲታሞል መስጠትም አይሠራም። የወባ ትኩሳት የሚመጣው አንጎል የሙቀት ልኩን ከፍ ስላደረገው ነው፤ መድኃኒቱ ያንን ልክ ይመልሳል። እዚህ ግን ልኩ አልተነካም። ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ነው የተከማቸው።

ታዲያ በምን ይለያል? ሁለት ነገር ይታይ። ሰውየው በሙቀት ውስጥ ጉልበት ሲያፈስ ነበር። አእምሮው ደግሞ ተቃውሷል። ይዘላብዳል፣ ይሳደባል፣ ይንገዳገዳል፣ ስሙን ይረሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ይስታል። ሁለቱ ከተገናኙ የሙቀት ምት ነው ብለህ ተነሳ። ቆዳው ደረቅ መሆን አለበት የሚባለውን እርሱት። ከሥራ የሚመጣው የሙቀት ምት የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ በላብ እንደራሰ ነው የሚወድቀው። «ያልበዋል፣ ደህና ነው» ብሎ መተው ሰው ይገድላል።

ወባ ቢሆንስ? ወባ አንጎል ውስጥ ሲገባም ሰው ይዘላብዳል። ጃዊ ደግሞ የወባ አገር ነው። መልሱ ቀላል ነው። እየሠራ የወደቀውን መጀመሪያ አቀዝቅዘው፣ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ደሙ ይመርመር። ማቀዝቀዙ ወባ ላለበት ሰው የሚያመጣው ጉዳት ትንሽ ነው። አለማቀዝቀዙ የሙቀት ምት ላለበት ሰው ሞት ሊሆን ይችላል።

ቴርሞሜትርም አታላይ ነው። በብብት ወይም በግንባር ሲለካ ቆዳው በላብና በነፋስ ስለቀዘቀዘ 38 ሊያሳይ ይችላል፤ ውስጡ 41 ሆኖ ሳለ። እውነተኛውን የሚናገረው በፊንጢጣ የሚለካው ነው። ማሳ ላይ ያ የለም። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን አእምሮውን ማመን ይሻላል።

ከ40 ዲግሪ በላይ የሞቀ አንጎል፣ ጉበት፣ ኩላሊትና ጡንቻ ይጎዳል። የሚጎዳውም ምን ያህል እንደሞቀ ብቻ ሳይሆን ለምን ያህል ጊዜ እንደሞቀ ነው። የአጎቴን ልጅ እርምጃ የሚያወላግደው የኋለኛው የአንጎል ክፍል ነው። ሚዛንን የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ለሙቀት ደግሞ እጅግ ስስ ነው። በስፖርት ሕክምና ላይ ያሉ ባለሙያዎች የያዙት ልክ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱን ወደ 39 ማውረድ ነው። ከዚህ የተነሳ አንድ ደንብ አላቸው፦ መጀመሪያ አቀዝቅዝ፣ ከዚያ አጓጉዝ።

ይህ ደንብ ከልማዳችን ጋር ይጋጫል። እኛ ሰው ሲወድቅ ማንሳት ነው የምናውቀው። ቃሬዛ ማንሳት በጎጃም ገጠር ትልቅ ነገር ነው። መንደሩ ተራ እየገባ ሕመምተኛን ተሸክሞ ሰዓታት ይጓዛል። ይህ የምኮራበት ባህል ነው። ምጥ ለጠናባት እናት፣ እግሩ ለተሰበረ ሰው ቃሬዛው ይቅደም። ለሙቀት ምት ግን የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የሸራው ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ መንገዱ እንደ ልብ የማይከፈትበት፣ አምቡላንስ የማይደርስበት ጊዜ ብዙ ነው። ጤና ጣቢያው በራቀ ቁጥር በወደቀበት ቦታ የሚደረገው ነገር ይበልጥ ወሳኝ ይሆናል።

አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፋልማዝ በምትባል ከተማ በየዓመቱ ነሐሴ ሙቀት ላይ የሚካሄድ የ11 ኪሎ ሜትር ገደማ ሩጫ አለ። እዚያ በ18 ዓመታት ውስጥ 274 ሯጮች በሙቀት ምት ተይዘዋል። ሁሉም ተርፈዋል። የተደረገላቸው በወደቁበት አካባቢ በረዶ ባለበት ገንዳ ውስጥ መነከር ነው። አንድም ሰው አልሞተም። ይህን ሳነብ ጃዊ ያለው በርሜል ነው ዓይኔ ላይ የመጣው።

«በረዶ ከየት እናመጣለን?» ይባላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው። በፈረንጆቹ 2003 የወጣ የካናዳ ጥናት ነው። ጤነኛ ሰዎች ሰውነታቸው 40 ዲግሪ እስኪደርስ እንዲሠሩ ተደረገ። ከዚያ ውሃው እየተንቀሳቀሰ ባለበት ገንዳ ገቡ። ውሃው 2 ዲግሪ ሲሆን ሰውነታቸው በደቂቃ 0.35 ዲግሪ ቀዘቀዘ። ይህ ፈጣኑ ነው። ግን 8 ዲግሪ ሲሆን 0.19፣ 14 ሲሆን 0.15 ነበር። 20 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥስ? 0.19። በረዶ አልባው ውሃ ከ8 ዲግሪው ጋር እኩል ሠራ። አንዱ ምክንያት በለዘበው ውሃ ሰው ብዙ አለመንቀጥቀጡ ነው። መንቀጥቀጥ ራሱ ሙቀት ያመርታል።

በዚህ ፍጥነት 42 የደረሰ ሰው 39 ለመግባት 16 ደቂቃ ያህል ነው የሚፈልገው። ጥላ ሥር ብቻ አስተኝተን ብንጠብቀው በደቂቃ 0.04 ያህል ነው የሚወርደው። 75 ደቂቃ ማለት ነው። የአጎቴ ልጅ ትራክተር የጠበቀበት ጊዜ ነው ይህ፤ ያውም በጋቢ ተሸፍኖ።

ደጋ ላይ ያለ የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውሃ ከ20 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። ቆላ ላይ ይሞቃል። ቢሆንም ማታ ተሞልቶ ጥላ ሥር የተቀመጠ፣ እርጥብ ማዳበሪያ የተጠቀለለበት ጀሪካን ቀን ፀሐይ ላይ ከዋለው ጀሪካን እጅግ ይለያል። ፀሐይ ላይ የዋለው ጀሪካን ውሃ እጅ ያቃጥላል። ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀምረው ማታ ነው።

አሁን ሸራው። ይህ ዘዴ በሩጫ ሜዳና በወታደር ማሠልጠኛ የሚታወቅ ነው፤ ገንዳ በሌለበት ቦታ ገንዳ መሥሪያ ነው። ሸራው መሬት ላይ ይዘረጋል። ልብሱና ጫማው የወለቀለት ሰው መሀሉ ላይ ይተኛል። ሦስት አራት ሰው ጠርዙን ይዞ ከፍ ያደርገዋል። ሸራው እንደ ገንዳ ይጎደጉዳል። አንድ ሰው ሥራው ጭንቅላቱን መያዝ ብቻ ነው፤ አፍና አፍንጫው ከውሃ በላይ መሆን አለበት፣ ትንፋሹንም የሚያየው እሱ ነው። ሌላው ውሃ ያፈሳል። ስድስት ሰባት ጀሪካን ቢገኝ ጥሩ ነው። በሦስት ግን ይጀመራል። ሌላው እስኪቀዳ አትጠብቁ።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሸራውን የያዙት ሰዎች ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ አለባቸው። ቅል እንደሚናጥ፣ ግን ቀስ ብሎ። ምክንያቱ ይህ ነው። ውሃ ካልተንቀሳቀሰ ቆዳውን የነካው ስስ ሽፋን ይሞቅና እንደ ልብስ ይሆናል። ማወዛወዙ ያንን ልብስ ያወልቃል። ውሃው በሙሉ ይሞቅብናል ብላችሁ አትስጉ። 70 ኪሎ ሰው በ3 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ሙቀት 140 ሊትር ውሃን ከፍ የሚያደርገው 1 ዲግሪ ከሩብ ያህል ነው። ውሃው ይበቃል። ማነስ የሌለበት ማወዛወዙ ነው።

በጥናት የተለካው የሸራ ፍጥነት በደቂቃ ከ0.14 እስከ 0.17 ዲግሪ ነው። ያ ግን በረዶ የተጨመረበት ውሃ ነው። ያለ በረዶ ከዚህ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ የሞቀውን ደፍቶ አዲስ መጨመርና ጊዜውን ማስረዘም ይገባል። መለኪያ በሌለበት፣ በበረዶ ውሃ ሲሆን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው የሚመከረው። በእኛ ውሃ እኔ 20 ደቂቃ እላለሁ። አእምሮው ሲመለስና በኃይል ሲንቀጠቀጥ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ነው ቃሬዛው፣ ባጃጁ፣ ትራክተሩ የሚመጣው። ነቅቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ጤና ጣቢያ መሄዱ አይቀርም። የተጎዳ ጡንቻ የሚለቀው ነገር በቀጣዮቹ ቀናት ኩላሊትን ሊዘጋ ይችላል።

ሸራ ከሌለስ? በባልዲ ያለማቋረጥ ማፍሰስና በማራገቢያ፣ በሰፌድ፣ በካርቶን ማራገብ። አየሩ ደረቅ ሲሆን ይህ ጥሩ ይሠራል፤ እንደገና እንስራው ነው። ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ሲሆን ግን ይዳከማል። ሌላው ነጠላ፣ ሻሽ፣ ፎጣ ውሃ ውስጥ እየነከሩ ራሱን፣ ደረቱን፣ ጭኑን መሸፈንና በየሁለት ደቂቃው መለዋወጥ ነው። ያልተለወጠ እርጥብ ጨርቅ ቶሎ ይሞቃል፤ ያኔ ጋቢ ሆነ ማለት ነው። በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ብቻ ቀዝቃዛ ነገር ማድረግ የተለመደ ቢሆንም ብቻውን በጣም ደካማ ነው። ሌላው እስኪደርስ ይደረግ፣ በእሱ ላይ ግን አትተማመኑ። ወንዝ ካለ ጥልቀት በሌለው ዳር ማስተኛት ይቻላል፤ ሁለት ሰው ይዞት፣ ጭንቅላቱ በሰው ጭን ላይ ሆኖ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ መስጠት ግን አይገባም፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

የሚቀረው ፍርሃታችን ነው። «ላብ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰስክበት የሳንባ ምች ይይዘዋል»። አውቶቡስ ውስጥ በሙቀት እየታፈንን መስኮት የምንዘጋ ሕዝብ ነን። ነፋስ ይመታናል ብለን እንፈራለን። አንዲት እናት ልጇ በላብ እንደራሰ ሸራ ውስጥ ሲነከር ብታይ ትጮኻለች። እረዳታለሁ። ሐኪሞችም ቢሆኑ ለረጅም ዘመን ይከራከሩበት ነበር፤ ቀዝቃዛ ውሃ የቆዳ ደም ሥርን ይዘጋል፣ ሙቀቱን ውስጥ ያስቀረዋል ይሉ ነበር። ክርክሩን የዘጋው ከውሃው በሕይወት የወጣው ሰው ብዛት ነው። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል፤ ደም ሥሩ ቢጠብብም ውሃው ያሸንፋል።

ይህ የአጫጆች ጉዳይ ብቻም አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. በዶሃው የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን የተጀመረው እኩለ ሌሊት ላይ ነበር፤ ሙቀቱን ሽሽት። ከተነሱት 68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ። ሦስቱም የእኛ ልጆች አልጨረሱም። በዓለም ከተመረጡት መካከል ናቸው፤ በሌሊት፣ ሐኪም ቆሞላቸው። ባህር ዳር ላይ በቀትር ተማሪ የሚያስሮጥ የስፖርት መምህር ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። አዲስ ምልምል የሚያሠለጥን አለቃም እንዲሁ። 2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ ሞቃቱ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ቆላው ይበልጥ እንጂ ያነሰ አይሞቅም።

እኔ ከሰሊጥ እርሻ ባለቤቶች የምጠይቀው ትንሽ ነው። ሸራው አለ፣ ለምርቱ ተገዝቷል። ሰባት ጀሪካን ማታ ተሞልቶ ማሳው አጠገብ ጥላ ሥር ይደር። ለመጠጥ ሳይሆን ለዚህ ብቻ። አዲስ የመጣ ደገኛ የመጀመሪያውን ሳምንት ጠዋትና ማታ ብቻ ይጨድ፣ በቀትር ይረፍ። ኮንትራት ሆኖ ልጁ እምቢ ቢልም አለቃው ይከልክለው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ አጎበር እንደሚያስተምሩት ስለ ሸራውም ያስተምሩ። አንድ ከሰዓት ይበቃል።

ዘንድሮ የአጎቴ ሁለተኛ ልጅ ጃዊ ወርዷል። አባቱ አልፈለገም፤ ግን የማዳበሪያ ዕዳ አለ። ከመሄዱ በፊት ባለው እሁድ አብረውት የሚሄዱ አምስት ጎረምሶች ግቢያችን ተሰበሰቡ። ሸራ ዘረጋን። መሀሉ ላይ የሚተኛ ሰው ሲፈለግ ልጆቹ ተያዩ። ታላቅየው ሸሚዙን አወለቀና እየተወላገደ መጥቶ ራሱ ተኛ። ውሃው ሲፈስበት ጮኸ። ከዚያ እየተንቀጠቀጠ፣ በዚያ በከበደው ምላሱ «ጭንቅላቴን ማን ያዘ?» አለ። ማንም አልያዘም ነበር። እንደገና ጀመርን። በሦስተኛው ሙከራ «ወደቀ!» ከተባለበት ውሃ እስኪነካው አራት ደቂቃ ሆነ። ታናሽየው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ትንፋሹን ጮክ ብሎ እየቆጠረ ነበር።